በዋንዛ ምንጭ የተሰቀለው ምንቸቴ

ከጉዞው ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ድሬዳዋ ያላችሁ ዘመዶቼና ጓደኞቼ «ጎጃም እንዴት ነው?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ በስልክ ቆራርጬ ከምነግራችሁ ቀን በቀን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ የሚወስድ ጉዳይ ላይገጥማችሁ ይችላል። እኔም የዩኒቨርሲቲ ምደባው ባያመጣኝ ኖሮ ቡሬ በየት በኩል እንደሆነች አላውቅም ነበር። ያጠፋሁትንም አልደብቅም። ጥፋቴን ባወጣው ከጉዞው የሚተርፍ ወሬ ትንሽ ነው።

ረቡዕ

ጥር ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ካምፓስ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ሳለ የእንግሊዝኛ መምህሬ አስጠሩኝ። ከእንግሊዝ አገር የመጣች አንዲት የውሃ መሐንዲስ ገጠር ልትወርድ እንደሆነ፣ አስተርጓሚዋ ታሞ እንደቀረባት፣ እስከ ሰኞ የሚተካው ሰው እንደምትፈልግ ነገሩኝ። «አንቺ ትችያለሽ» አሉ። እኔ ደግሞ ለመምህር «አልችልም» ብዬ አላውቅም።

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ግን ከኋላዬ የተጫነው ጆንያ በርበሬ ስለነበር መንገዱን በሙሉ ሳስነጥስ ሄድኩ። ባስነጠስኩ ቁጥር ተሳፋሪው ባንድ ድምፅ «ይማርሽ!» ይላል። ድሬ ቢሆን በሦስተኛው ላይ «አንቺ፣ መስኮቱን ክፈቺና ገላግይን» የሚል አይጠፋም ነበር። እነዚህ ግን መናኸሪያ እስክንደርስ አልሰለቻቸውም።

መናኸሪያ የጠበቀኝ ሾፌሩ አዳነ ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ምናልባት ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጥ። «ስም ማን ልበል?» አለኝ።

«ሃናን።»

«ሐና! የእናቴ ስም!» ብሎ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደ። በጣም ደስ ስላለው ላርመው አልቻልኩም። ሻሼንም እንደ አገሩ ሴቶች ወደ ኋላ አስሬው ስለነበር ሙስሊም መሆኔን የሚነግርብኝ ነገር አልነበረም። እንዲሁ ሐና ሆኜ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

እንግዳዋ ሩት ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስለ «አንቱ» አዳነ አስቀድሞ ነግሯት ኖሮ፣ ገና ስንተዋወቅ እንዳልላት እየሳቀች ከለከለችኝ። አይሁድ ናት። የላካት ድርጅት ያደገችበት ከተማ አይሁዶች የሚያዋጡትን እየሰበሰበ፣ አንድም አይሁድ በማይኖርበት አገር ጭምር የውሃና የትምህርት ቤት ሥራ ያግዛል።

ጉዳዩን ሆቴሉ በረንዳ ላይ አስረዳችኝ። ዋንዛ ምንጭ የምትባል መንደር አለች። ላይ ሰፈር ምንጩ አለ። ታች ሰፈር ግን ሴቶቹ ገደል ወርደው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ይቀዳሉ፣ ልጆቹም ሁልጊዜ ይታመማሉ። ውሃውን ከላይ ወደ ታች በቧንቧ ማውረዱ ተፈቅዷል። ችግሩ ቧንቧው የሚያልፈው በአንዲት ባልቴት ማሳ መካከል መሆኑ ነው። ባልቴቷ ወይዘሮ ይታይሽ ይባላሉ። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ሄዶላቸው ሁለቴም «የሚሰጠኝን ሰው ፊት ሳላይ ጣቴን አላሳርፍም» ብለው መልሰውታል። ሩት እስከ ሰኞ ፈቃዳቸውን ካላገኘች ቧንቧው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።

ለእራት አዳነና እኔ ሽሮ አዘዝን። ሩት ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ በሙዝና በማንጎ በላች። የፍኖተ ሰላም ማንጎ፣ ድሬዎች ይቅር በሉኝ፣ ከእኛው አያንስም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለችኝ። «ሥጋ የምበላው በእኛ ሥርዓት የእኛ ሰው ያረደውን ብቻ ነው። ሲበስልም በራሴ ድስት ነው። ሰዎቹ በከንቱ እንዳይደክሙ አስቀድመሽ ትነግሪልኛለሽ?»

«እሺ» አልኩ። የወይዘሮ ይታይሽ ልጅ የጌትነት ስልክ ቁጥር እጄ ላይ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? «እንግዳዋ የእናንተን አትበላም» ብሎ ነገር በእኔ ጆሮ ስድብ ነው። ነገ ፊት ለፊት አለዝቤ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነው። በግራም በቀኝም አውድማ ላይ በሬዎች እህል ያበራያሉ። አንድ ወንዝ ስንሻገር መኪናችን ጭቃ ያዘው። እኛ ጋ ወንዝ ሲባል አሸዋ ነው፤ ደቻቱን በእግራችን አቋርጠን ገበያ እንሄዳለን። እዚህ በበጋውም ይፈሳል። ሰባት ገበሬዎች አውድማቸውን ትተው መጥተው ገፉን። አዳነ ሊያመሰግን ከመኪናው ሲወርድ «ይልቅ ሂድ፣ በሬው ገለባውን ሳይሆን እህሉን እየበላ ነው!» ብለው እየሮጡ ተመለሱ።

ዋንዛ ምንጭ ስንደርስ ወይዘሮ ይታይሽ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። እኔ ለማስደሰት ቸኩዬ፣ «አንቺ ነሽ ወይዘሮ ይታይሽ?» አልኳቸው።

ልጃቸው ጌትነት መሬት መሬት አየ።

«እማማ ይቅርታ ያድርጉላት» አለ አዳነ። «የድሬዳዋ ልጅ ናት። እዚያ ለከንቲባውም አንተ ነው የሚሉት።»

ወይዘሮ ይታይሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምን አለበት፣ እኛስ ለእግዜር አንተ እንል የለ? ግቢ ልጄ።»

ስገባ አጥሩ ላይ አዲስ የበግ ቆዳ ተዘርግቶ አየሁ። አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ ነገር አጥር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል።

ማዕዱ ቀረበ። እንጀራው የዳጉሳ ነው፤ ቀላ ጠቆር ያለ፣ ከእኛው ከነጩ ይልቅ ጠንከር ይላል። ወጡ ሞልቶ ፈሰሰበት። «ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን!» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። ሩት አመስግና እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ወደ እኔ ፈገግ አለች። ነግሬላታለሁ ብላ አምናኛለች። የተሰጣትን ጠላ ግን በደስታ ጠጣች፣ ተደገመላትም።

«ምነው አትበላም ልጅቱ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሆዷን ያማታል» አልኩ። ቃሉ ከማሰቤ በፊት ወጣ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ። ከዚያ ሙሉ ትኩረታቸው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ እንኳ ብይልኝ። የሷንም አንቺው ብይው።» ጉርሻውን በአፌ ሳይሆን በእጄ ተቀበልኩ። እናንተ እንደምታውቁት እኔም ያንን ሥጋ አልበላም። ከተቀመጥኩባት ዱካ ሥር አንድ ቡላ ውሻ ተኝቶ ነበር። አንድ ለእኔ ደረቅ እንጀራ፣ አንድ ለውሻው ሥጋ እያልኩ ማዕዱን ጨረስኩት። ጠላውንም አፌን አስነክቼ መለስኩ። ውሻው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ከቀሚሴ ጫፍ አልተለየም።

ከማዕዱ ቀጥሎ ወይዘሮ ይታይሽ የመጣንበትን ጉዳይ ራሳቸው አነሱት። «እስቲ ጠይቂልኝ፤ አያውቁን፣ አናውቃቸው። ለምንድን ነው የሚሰጡን?»

ሩት ረጅም መልስ መለሰች። በመካከሉ ከቋንቋቸው አንድ ቃል ጠራች፤ «ጸዳቃ» ትለዋለች። እኔ የሰማሁት የእኛን «ሰደቃ» ነው። ሰደቃ ብዬ እንዳልተረጉም ደግሞ ሐና ሰደቃን ከየት ታውቃለች? ቸኩዬ፣ «ምጽዋት ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ምጽዋት የሚሰጠው ለደጀ ሰላም ለማኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ገና ደጀ ሰላም አልወጣሁም።» ተነሥተው መሶቡን ከደኑ። ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሣም።

ዓርብ

ያደርነው በገበሬዎች ማሠልጠኛው ክፍል ነው። ድሬ በጥር ሌሊት እንኳ መስኮት ከፍተን እንተኛለን፤ እዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ።

በማለዳ ጌትነት መጣ። እናቱ ለታመመው ሆድ ፌጦ በሎሚ አሽተው ልከዋል። ሩት «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ውሸት ዋሸሁ። «ለእንግዳ የሚሰጥ ነው» አልኳት። አንድ ማንኪያ ሙሉ ዋጠች። ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ጌትነትን ጎንበስ ብላ አመሰገነችውና ወደ እኔ ዞራ፣ «ኃይለኛ አቀባበል ነው» አለች።

ቀኑን ሙሉ ከምንጩ እስከ ታች ሰፈር እየወጣን እየወረድን ስትለካ ዋለች። ታች ሰፈር አንዲት ነፍሰ ጡር እንስራ ተሸክማ ከገደሉ ስትወጣ አየናት። በየአሥር እርምጃው ትቆማለች። ሩት ከመለኪያዋ ቀና ብላ እስክታልፍ ድረስ አየቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰንበቷ ስለሚገባ ቶሎ ተመለስን። በራሷ ትንሽ ድስት ድንች ቀቀለች፣ ሁለት ሻማ አበራች። ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ስለዋለች ድንቹን በጨው እያነካካች በደስታ ትበላ ጀመር። አምስተኛው ድንች ላይ ይመስለኛል በሩ የተንኳኳው። ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው። በጣሳ ትኩስ የአጃ አጥሚት ይዘው፣ በነጠላቸው ሸፍነውት፣ ያንን ሁሉ ዳገት በእግራቸው መጥተዋል።

ሩትን አዩ። ድንቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«እግዜር ይማርሽ ልላት ነበር» አሉ። «ለካ ሆዷ የታመመው እኔ ቤት ብቻ ነው።» አጥሚቱን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ውሻው እንኳ አልተከተላቸውም፤ እኔ ዘንድ ቀረ።

አዳነ ከውጭ ሰምቶ ገባ። «ሐና፣ ምን አደረግሽ? እዚህ አገር እንጀራውን ያልቆረሱለት ሰው ቃሉን አይሰጥም። በሽተኛ ይቅርታ ይደረግለታል። የናቀ ግን…»

ለሩት ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ፣ «እውነቱን ብትነግሪያቸው የሚረዱኝ ይመስለኛል» አለች። «አሁን የሚያውቁት እኔ ያልሆንኩትን ሰው ነው።» ይህ ከቁጣ በላይ አመመኝ። አስተርጓሚ ሆኜ ሁለት ሰዎችን አገናኘሁ ስል ሁለት የሌሉ ሰዎችን አስተዋውቄ ነበር።

ቅዳሜ

ሩት በሰንበቷ መኪና አትሳፈርም፣ ቦርሳም አትይዝም። ባዶ እጃችንን በእግር ወረድን። ወይዘሮ ይታይሽም ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ የእርሻ ሥራ የለም። ደጃቸው ባለው ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ለሰላምታዬ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። ቁሜ ነው የተናገርኩት። «የሷ ሆድ ደኅና ነው።»

«እሱንማ ድንቹ ነገረኝ።»

የሩትን ሥርዓት፣ ንገሪልኝ ብላ አደራ እንዳለችኝ፣ እኔ እንዳልነገርኩ ተናገርኩ። ከዚያ ሌላውም አብሮ ወጣ። «ደግሞ እኔም ሐና አይደለሁም። ሃናን ነኝ። ሙስሊም ነኝ። ያን ዕለት ሥጋውን…»

«ውሻዬ በላው።»

«ያውቁ ነበር?»

«ውሻዬ ባለውለታውን እንጂ ዝም ብሎ ሰው አይከተልም» አሉ። «ደግሞስ ያ የሷ ሆድ ምን ዓይነት ሆድ ነው? ሥጋ ሲያይ የሚታመም፣ ጠላ ሲያይ የሚድን! እንዲህ ያለውን ሆድ ነፍሱን ይማረውና ባሌም ነበረው።»

ጌትነትና አዳነ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል የወይዘሮ ይታይሽ ፊት እንዳልሳቀ አየሁ።

«አለመብላቷ አይደለም ያስቀየመኝ» አሉ። «እኛስ እስላም ያረደውን እንበላለን? ይህን ልጄን ስድር ለገበያው እስላሞች ወይፈን ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው በሉ፣ መረቁኝ። ያስቀየመኝ መደበቅሽ ነው። ሥርዓት ብነግራት አይገባትም ብለሽ ናቅሽኝ።»

እንባዬ መጣ። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ድሬ ውስጥ የተተከሉት ሁለት ድንኳኖች ትዝ አሉኝ፤ አንዱ የእስላም ማዕድ፣ አንዱ የክርስቲያን። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ያደግሁትን ነገር ጎጃም ውስጥ የማይታወቅ አድርጌ ቆጠርኩት። ለምን? እስካሁንም አጥርቼ አልመለስኩትም።

«በይ ተቀመጪ፣ ቁመሽ አታልቅሺ» አሉኝ። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ ይዘው መጡ። «ትናንት የተነቀለ ነው፤ ሰንበቷን አላፈረስኩባትም በያት። ቢላ አልነካው፣ እሳት አልነካው፣ ድስት አልነካው። የባረከው እግዜር ራሱ ነው።» ፈልፍለው በመዳፋቸው ለሩት ሰጧት። ቀጥለው ለእኔ። ቀጥለው ራሳቸው በሉ። ሦስታችን ካንድ እቅፍ በላን። ጥሬው ሽምብራ እንዲያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

ጥቂት ቆይተው የሐሙሱን ጥያቄ ደገሙት። «አሁን በደንብ ጠይቂልኝ። ለምንድን ነው የሚሰጡን?»

ሩት በዝግታ ተናገረች፣ እኔም በዝግታ አስከተልኩ። «በሕጋችን ማሳህን ስታጭድ ጥጉን አትጨደው፣ ለድኻና ለእንግዳ ተወው ይላል። ጥጉን የሚተው ሰው ቸር አይባልም። ቀድሞም የእሱ አልነበረምና። ስሙ…» እዚህ ስደርስ ቆምኩ። ምጽዋት አላልኩም፣ ሰደቃም አላልኩም። ቃሉን እንዳለ አስቀመጥኩት። «ጸዳቃ ይሉታል።»

«ጸዳቃ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። እንደ ሽምብራው በጥርሳቸው ፈተሹት። «ጽድቅ ነዋ! ታዲያ ጽድቅ አትዪኝም ነበር? ምጽዋት ብለሽ ደጅ ታስወጪኛለሽ!» ወደ ሩት ዞሩ። «ስምሽስ ሩት አይደል? ያቺ የመጽሐፉ ሩት ከሰው ማሳ ቃርሚያ ስትለቅም አይደል የኖረችው?» ስተረጉምላት ሩት እጃቸውን ያዘች፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም።

ተነሥተው ወደ ማሳቸው ወሰዱን። ማንም ገመድ አልያዘም፣ ማንም አልለካም። ለቧንቧው ችካል የተተከለበትን መካከሉን አሳዩን። «በዚህ ቢሄድ ማረሻዬ በየዓመቱ ይሰብረዋል። የጻፉት ሰዎች አርሰው አያውቁም።» ከዚያ ዳር ዳሩን እየሄዱ እስከ ድንበሩ ጥግ አደረሱን። ጤፉ ታጭዷል፤ ጥጉ ላይ ግን ጥቂት ሳይታጨድ ቆሞ ነበር። «ይህን ለቃራሚ እተወዋለሁ፤ እናቴም ትተወው ነበር። ቧንቧው በዚህ ይውረድ። ጥጉ ድሮም የኔ አይደለም።»

ሩት ዓይኗን አጥብባ ቁልቁል አየች። «ዛሬ መለካት አይፈቀድልኝም» አለች። «ግን ዓይኔ ሰንበት አያውቅም። ይወርዳል።»

ስንመለስ አዳነ ከኋላ ጮኸ። «እንግዲህ ዓርብ የሃናን፣ ቅዳሜ የሩት፣ እሁድ የኛ። ይህ ቦይ መቼ ሊቆፈር ነው?»

«ቅዳሜም የኛ ናት» አሉት ወይዘሮ ይታይሽ። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለሠራተኛ ይበቃል። ለሰነፍ ሰባቱም አይበቃ።»

ሰኞ

እሁድን እነሱ ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ ልብሳችንን ፀሐይ ላይ አስጥተን ዋልን። ሰኞ በጠዋት ሩት መስመሩን በጥጉ በኩል ለካችው፤ ዙሪያው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ውሃው አይቸገርም። ከዚያ ወይዘሮ ይታይሽ ቤት ተጠራን። ጌትነት ገና ሳይነጋ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ተልኮ ሁለት አዳዲስ ምንቸት አምጥቷል። አንዱ የሩት ነው፤ ሽሮው ለብቻው ተሠርቶበታል። አንዱ የእኔ። ሩት እንጀራ ቆረሰች፣ በላች፣ ጣቷን ላሰች። ወይዘሮ ይታይሽ እስክትጠግብ ድረስ አፏን ያዩ ነበር። ከዚያ «ወረቀቱስ?» አሉ።

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነክረው ቀስ ብለው አሳረፉ። የምስክር ቦታ ነበረው። እስክሪብቶውን ስቀበል ጎኔን ነካ አደረጉኝ። «ስምሽን ደግሞ አስተካክለሽ ጻፊ።» ሃናን ብዬ ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። አዳነ በትከሻዬ በኩል አነበበና፣ «ለእናቴ ምን ልበላት አሁን?» ብሎ ተከዘ።

ስንወጣ ሁለቱን ምንቸቶች አጥበው፣ በጠፍር አስረው፣ ጓዳቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ አየሁ። «ከሌላው ዕቃ አይነካካም» አሉኝ። ውሻው እስከ መኪናው ሸኘኝ።

ትናንት ጌትነት ደወለልኝ። ቦዩን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተጋግዘው ቆፍረው ቧንቧው በጥጉ በኩል ወርዷል፤ ታች ሰፈር ሴቶቹ ከደጃቸው እየቀዱ ነው። ያቺ ነፍሰ ጡርም ሴት ልጅ ወልዳለች። እናቱ ከጎኑ ሆነው የሚሉትን እየሰማ ነገረኝ፦ «የሩትስ አገሯ ሩቅ ነው። ያንቺ ምንቸት ግን ቡሬ ላይ ተቀምጠሽ አቧራ ለበሰ። ነይና አጣጥቢው። ሁዳዴ ጾም ነው፣ የሚታረድ የለም፤ አትፍሪ።»